ሻይ የለካው ካርቶን

እስር ቤት ትምህርት ቤት ነው ይላሉ። አይደለም። ይህን የሚሉት ያልታሰሩ ሰዎች ናቸው። እኔ የተማርኩት ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰባት እርምጃ መሆኑን ብቻ ነው፤ እሱንም ቀኑን ሙሉ ስመላለስ እየረሳሁ እንደገና እቆጥር ነበር።

ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። እኔ የገባሁት በጻፍኩት ጽሑፍ ነው። አጠገቤ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚተኛው የኬሚስትሪ መምህር የገባው በጫማ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ውስጡን አጥቁሮ በአንድ በኩል በባትሪ የሚበራ አምፖል፣ በሌላው በኩል ከተሰበረ የሶላር መብራት የነቀለውን ብርሃን ተቀባይ ቁራጭ አድርጎ በሽቦ ከኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ጋር አገናኝቶታል። መሐሉ ላይ ብርጭቆ ይቀመጣል። ውሃው ውስጥ የሟሟው ቀለም በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይጋረዳል፤ የቴስተሩ ቁጥር ይወርዳል። ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ተማሪዎቹ የሠራው ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ በተሳፈረበት ሚኒባስ ፍተሻ ሲደረግ ግን የታየው ሽቦና ባትሪው ብቻ ነው። ፈንጂ ተባለ።

በአሥረኛው ቀን መርማሪው ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አስወጣ።

«መለኪያ ከሆነ ለካ። ከሠራ ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

የሚለካ ነገር ሲጠፋ ሻይ ተገኘ። የእስረኛውን እኔ በጣሳ ይዤ ወጣሁ፤ የጥበቃዎቹም ከዚያው ማድቤት መጣ። ቴስተሩ የእነሱን ሠላሳ አንድ አለ። የእኛን ስልሳ ሁለት፤ ከንጹሕ ውሃ ቁጥር ብዙም አልራቀም።

መርማሪው ሻዩን ያፈላውን ወጥቤት አየው። «መሣሪያው ተሳስቷል» አለ።

«ፊቴን ላዙር። እርስዎ እያቀያየሩ ይቅዱ» አለ መምህሩ።

ሦስት ጊዜ ተቀዳ። ሦስቱንም ጊዜ የማን ሻይ እንደሆነ ሳይስት ተናገረ።

መርማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ ፈንጂ አለመሆኑ ገብቶኛል። ሁለቱም እኩል ናቸው ብለህ ፈርምና ሂድ።»

የመምህሩ ሚስት የመውለጃዋ ሳምንት ነበር። እግሬ አላርፍ አለኝ። «ፈርም እንጂ፤ ሻይ ነው እኮ!» አልኩት። ስለ እውነት የምጽፈው እኔ።

«እኩል ካልኩ መለኪያ አይደለም ማለት ነው» አለ። «መለኪያ ካልሆነ ደግሞ ታዲያ ምንድነው ሊሉኝ ነው?»

ወረቀቱ ላይ ሠላሳ አንድና ስልሳ ሁለት ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ፈረመ። ከዚያ ብርጭቆውን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ቀየት ከሚባል አገር የመጡ አንድ እስረኛ ሽማግሌ ሰምተው ኖሮ፣ «ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ አውቃለሁ ልጄ፤ ሻይ ቀጠነ ብሎ የታሰረ ግን አንተን አየሁ» አሉት። ሳቅን። እሱም ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የእኛ ሻይ ለሦስት ቀን ጠቆረ፤ በአራተኛው ተመልሶ ቀጠነ። ልጅቷ አባቷ በሌለበት ተወለደች።

መምህሩ ዛሬ ተፈትቶ ሞላሌ ከተማ ያስተምራል። «ፈርም» ያልኩትን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር። ካርቶኑ ግን አሁንም በማስረጃነት ኤግዚቢት ክፍል ተቀምጧል። አንተ የምታነበው፣ የዚያን ክፍል ቁልፍ የያዘ ሰው ታውቃለህ፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ አንድ ሰው የማያውቅ የለም። ደውልለት። ካርቶኑን ይመልስ።