የተኛችው መኪና

በሰፈሩ «ሽቦ» የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ያን ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው።

«ተኝታለች እኮ» አለው፣ ደህና አደርክ እንኳ ሳይለው። «ዛሬ የሚሆን አይመስለኝም።»

ሽቦ ሳሙናውን ጥሎ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ ወገቧን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ሆስፒታል ከርማ፣ ከሰዓት በኋላ ልትወጣ ነው። በዚህ ቀን «ተኝታለች» ሲባል ሰው ምን ያስብ?

«ምን ሆነች ጋሼ? ሐኪሙ ምን አለ?»

«የምን ሐኪም ነው የምታወራው? መኪናዋን ነው የምልህ። ግራ ኋላዋ ቁጭ ብሏል፣ አልነሳ ብላለች።»

ሽቦ አፉ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠው። ሰውየው ታላቁ ነው፤ መኪናዋም የእሱ ናት። ግን እፎይ ብሎ ሳይጨርስ ድንጋጤው ተመለሰ። ሚስቱን ወደ ሆስፒታል የወሰዳት በጋራዡ ፒክአፕ ነበር፤ ቤታቸው አጠገብ ያለው ጉድጓዳ ጉድጓድ መንገድ ላይ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ። የአማቹን መኪና የለመነውም ለዚሁ ነው። በብረት ሞላ ፋንታ አየር በተነፋ ከረጢት ላይ የምትሄድ፣ ቁመቷን ኮምፒውተር የሚያስተካክልላት ምቹ መኪና ናት። ሐኪሙም መንገጫገጭ አይሆንም ብሏል።

መመርመሪያ ማሽኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በረረ። አማቹ ልብስ ሰፊ ነው፤ ንጹሕ ሰው፣ መኪናውን ከልጆቹ አብልጦ የሚያጥብ። ግቢው መሃል ቆሞ የሞተበት ሰው መስሏል።

«አየር መሙያው ሞቶ ነው፣ አይደል? ዛሬ ከየት ይገኛል?»

«ቆይ እስቲ፣ አትቅበረው» አለ ሽቦ።

ማሽኑ ግራ ኋላዋን እንዳመማት ተናገረ እንጂ ለምን እንዳመማት አላወቀም። ሽቦ ሞተሩን ሲያስነሳ ሦስቱ ጥጎች ቀና አሉ፤ ግራ ኋላው ግን ፍስስ ብሎ የቀረችውንም አየር ለቀቀ። ይሄ መቼም ቀዳዳ አይደለም፤ ቀዳዳ ሞተር እስኪነሳ አይጠብቅም። ይሄ ታዞ የሚለቅ ነው። ማን ነው የሚያዘው?

ሽቦ፣ አማቹ ጥግ ጥጉን እየዞረ እንዲጫንለት አድርጎ፣ ማሽኑ ላይ የየጥጉን ቁመት የሚያሳዩትን ቁጥሮች ተመለከተ። ሦስቱ ይወዛወዛሉ። ግራ ኋላ ላይ አማቹ በሙሉ ኪሎው ቢቀመጥባትም ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ መሬት የነካችውን መኪና «ከፍ ብላለች» እንዳለ ነው።

ሽቦ በክሪክ አንሥቶ፣ ድጋፍ አስገብቶ ከሥሯ ገባ። ከጎማው ጋር ወጣ ገባ እያለ ቁመት የሚለካው ትንሽ ክንድ ከመያዣው ወልቋል። መውለቁስ ባልከፋ፤ ወደ ላይ ቀጥ ተደርጎ በወፍራም ክር ተጠፍሯል፣ ቋጠሮውም እንዴት ያምራል!

«ጋሼ፣ ይሄን የሰፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሳጥባት ተንጠልጥሎ ሲንኳኳ አየሁትና አሰርኩት። የካፖርት ክር ነው፣ አይበጠስም።»

«ኧረ አይበጠስም! አንተ ቀጥ አድርገህ ሰፍተኸው፣ እሱ ‹ሰማይ ደርሰናል› እያለ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት አየሩን ይለቃል።»

አማቹ መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ሳቁ አፈነው፤ ሽቦም ከሥር ተኝቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ክሩን በጥሶ ክንዱን ወደ ቦታው መለሰው። ከድጋፉ አውርደው ሞተሩን ሲያስነሱ መኪናዋ በቀስታ ቀና አለች፤ የሽቦ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ አማቹ ይነዳል፤ ሚስቱ ከኋላ ጋደም ብላ አይኗን ጨፍናለች፣ የባሏን እጅ እንደ ፒንሳ ጨብጣለች። ከሆስፒታሉ ሲወጡ «መጥፎው መንገድ ጋ ስንደርስ ንገረኝ፣ ልዘጋጅ» ብላው ነበር። ሽቦ በመስኮቱ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ያያል። ከአሁን አሁን ትጮሃለች ብሎ ወደ ፊቷ ዞረ።

«አልደረስንም እንዴ? መች ነው የሚጀምረው?» አለችው፣ ጥርሷን እንደነከሰች።

«አይንሽን ግለጪ» አላት። «በራችን ላይ ነን።»