ከካርዱ ላይ ያወጣሁት መስመር

ኮምፒውተር ተምሬ በጨረስኩ በዓመቱ ከደሴ ቆቦ ሄድኩ። የቀጠረኝ በራያ ቆላ ጉድጓድ እያስቆፈረ ለገበሬው የመስኖ መሬት የሚያከፋፍል አንድ ፕሮጀክት ነበር። ሥራዬ የባለ ይዞታዎችን ስም ወደ ኮምፒውተር ማስገባትና የይዞታ ካርድ ማተም ነበር። ኮምፒውተሩ ያኔም አርጅቷል፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያወጣ ዓይነት ነው። ፕሪንተሩ የቀለም ሪባኑን በመርፌ እየወጋ ሲያትም ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። እኔም በካርቶን እያራገብኩላቸው እስኪበርዱ እጠብቃለሁ።

ካርዱ ላይ መጀመሪያ የባል ስም፣ ቀጥሎ ቀበሌውና የመሬቱ አዋሳኝ፣ በመጨረሻው መስመር የሚስት ስም ይወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ባዶ ካርዱ አለቀና ሌላ አሳተሙ። አዲሱ ካርድ ከበፊቱ በአንድ ጣት ያህል አጠረ። ካርዶቹ ተያይዘው ስለሚታተሙ የመጨረሻው መስመር እያለፈ የሚቀጥለው ካርድ አናት ላይ ማረፍ ጀመረ፤ የአንዱ ሚስት በሌላው ሰው ካርድ ላይ ወጣች። የቢሮው ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የገጹን ርዝመት ለመቀየር ታገልኩ፤ ፕሪንተሩ አልሰማ አለኝ።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው፣ "ካርዱ ለሐሙስ ይድረስ፤ እንግዶች አሉብን" አሉኝ።

ረቡዕ ከሰዓት የሚስትን መስመር ከሕትመቱ አወጣሁት። ስሙ ማሽኑ ውስጥ አለ፤ ካርዱ ላይ ብቻ ነው የማይታየው፤ በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሐሙስ ካርዱ በጭብጨባ ታደለ። መስመሩን ግን አልመለስኩትም። ጥቂት ቆይቶ አዲስ ኮምፒውተር መጣ። አሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ ለማዛወር ስላልቻልኩ ከካርዶቹ ቅጂ ላይ እያየሁ እንደገና ጻፍኩት፤ ካርድ ላይ ያልወጡት ሚስቶች ስም አዲሱ ውስጥ አልገባም። አሮጌው መጋዘን ገብቶ የፓምፕ ዕቃ ተቆለለበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ሴት በጠዋት ቢሮ መጣች። ከጎብዬ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ካርዷን ከላስቲክ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"ስሜን ፈልጊልኝ፣ ልጄ።"

ባሏ ሞቷል። የባሏ ወንድም መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሷታል።

"ማንበብ አልችልም" አለችኝ። "ስሜ አለበት ብዬ ካርዱን ለዳኞቹ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ሲነበብ የለሁበትም።"

"ያኔ ተመዝግበው ነበር?"

"የጻፍሽኝ አንቺው አይደለሽ? የአባቴን ስም ሁለት ጊዜ አስጠርተሽኛል።"

እሷን አላስታወስኳትም። መስመሩን ግን ወዲያው አስታወስኩት። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ "ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ቅዳሜ ይምጡ" አልኳት።

አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጋዘን አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁና አበራሁት። ጮኸና ዲስክ የለኝም የሚል ጽሑፍ አወጣ። እንዲህ ያለው ማሽን ሆዱ ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ስትሞት ቀኑንም፣ መረጃው ያለበትን የገዛ ዲስኩንም ይረሳል። የዲስኩን ቁጥሮች ሰው በእጁ ካላስገባለት አያገኘውም። ክዳኑን ፈትቼ ዲስኩን አወጣሁ። ላዩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንዱ ቁጥር ተፍቋል። እየገመትኩ አስገባሁ፤ አልሆነም፤ ሌላ ገመትኩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ያስገባሁትን ሁሉ ይረሳና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ቅዳሜ መጣች። "ገና ነው" አልኳት። "ኢንሻአላህ" ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች፤ ያኔም ገና ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"መሬቱን የባሌ ወንድም ማሽላ ዘርቶበታል" አለች። "ትልቋ ልጄም ሄደች።"

"ወዴት?"

"አረብ አገር። በአፋር በኩል ነው የወሰዷት። እኛ ቤት ምን ትጠብቅ?"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ውኃ ቀዳሁላትና ቁጭ አልኩ። ያን ቀንም አልነገርኳትም።

ማክሰኞ ዕለት ቁጥሩ ገጠመና ዲስኩ እያቃሰተ ተነሣ። የስም መዝገቡ ተከፈተ፤ መፈለጊያው ግን ተበላሽቶ ኖሮ ስም ስጽፍለት የለም ይለኛል። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ እያነበብኩ ወረድኩ። ከሰዓት ላይ የባሏን ስም አገኘሁ። ከሥሩ የእሷ ስም ከነአባቷ አለ። በዚያው መዝገብ ካርድ ላይ ያልወጡ ሌሎች ብዙ ሴቶች አሉ፤ ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም። ላትመው ብል ሪባኑ ደርቋል። የማኅተም ቀለም በጨርቅ ቀባሁትና ደብዝዞም ቢሆን የሚነበብ ወረቀት አወጣሁ።

ኃላፊው ዘንድ ይዤው ገባሁ። አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አዲስ ካርድ ሥሪላትና ትሂድ። ለምን ጎደለ ካሉሽ ማሽን ነው በይ።"

"የሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ መቼ መጡ?"

"ጋሼ፣ ካርዳቸው ላይ እንደሌሉ አያውቁም እኮ።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

በችሎቱ ቀን ወረቀቱን ይዤ ወደ ቀበሌው ሄድኩ፤ ሴትዮዋ ቀድማኝ ደርሳለች። ሦስቱ ዳኞች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። የባሏ ወንድም ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አቀና።

"ይህ በቀደም የታተመ ነው" አለ። "ባሏ ከሞተ በኋላ የተጻፈ ስም ምን ይረባል?"

ወረቀቱ በቀደም መታተሙ ልክ ነበር። ከዳኞቹ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይቺ ሴት ካርዱ ላይ የለችም። ማን አወጣት?"

"እኔ ነኝ።"

"ስለምን?"

"ወረቀቱ አጠረብኝ።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ካርዱ ላይ ስሟ የጠፋው በማሽን ብልሽት ሳይሆን በእኔ እጅ እንደሆነ ያን ጊዜ ገና መስማቷ ነበር።

ዳኞቹ ቃሌን ተቀብለው መሬቱ የእሷ ነው አሉ። ዘሩ ግን የሰውዬው ስለሆነ የዚያን ዓመት ማሽላ እሱ አጨደ፤ ለእሷ የደረሳት አገዳው ብቻ ነው። ከቀበሌው ስንወጣ ተከትዬ ደረስኩባትና፣ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። "አላህ ይቅር ይበልሽ" አለች። "እኔ ልጄ ስትመለስ አስብበታለሁ።"

ከዚያ በኋላ አሮጌውን ኮምፒውተር ሳላጠፋ፣ ከስክሪኑ እያነበብኩ የሴቶቹን ስም ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጥኩ። ኃላፊው አልከለከሉኝም፤ ለረጅም ጊዜ ግን ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። የታረመውን ካርድ ይዤ ከልማት ሠራተኛው ጋር በየቀበሌው ዞርኩ። አንዳንዱ ደስ ብሎት ለወጠ። አንዳንዱ አባወራ፣ "ያለው ይበቃናል" ብሎ አሮጌውን አላወጣም አለ፤ ሚስቱ ከኋላው ቆማ ታየኛለች። ያንን ካርድ በግድ የምቀበልበት ሥልጣን አልነበረኝም።

የሴትዮዋ ልጅ ከብዙ ወራት በኋላ ከሪያድ ደወለች፤ ሰው ቤት እየሠራች ነው። ይህንን የሰማሁት ቆቦ ገበያ ከጎረቤቷ ነው። ሴትዮዋን ራሷን እዚያው ገበያ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ብላኝ አለፈች። እኔ ወደ ደሴ እስክዛወር ድረስ ልጅቷ አልተመለሰችም ነበር።