ጾማችንን የሚጠይቁት አዋላጅ

ሲስተር ይታይሽ አርፈዋል። በቡሬና በዙሪያው ልጆቻችሁን በእጃቸው የተቀበሉላችሁ ሁሉ፣ ወሬው ያልደረሳችሁ ካላችሁ፣ በዚህ በሁዳዴ አጋማሽ ከረጅም የኩላሊት ሕመም በኋላ ፍኖተ ሰላም በእህታቸው ቤት ዐርፈው እዚያው ተቀብረዋል። ይህን የምጽፈው በአንድ ማዋለጃ ክፍል አብሬያቸው የሠራሁ፣ ሥራውንም ከእሳቸው የተማርሁ አዋላጅ ነኝ። ከለቅሶው በቀጥታ ተረኛ ገብቼ ስለነበር እንቅልፍ አልጠገብሁም፤ አሳምሬ ባልጽፍ ይቅር በሉኝ።

«ደክሞኛል» ይሉ ነበር ሲስተር ይታይሽ። ጫማቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ይቀመጡና እንዲህ ይላሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት ደጅ ላይ ስትደርስ ግን ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ነበሩ። ቁጣቸውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሚስቱ ስትጨነቅ ስለ በሬው የሚያወራ ባል ሲያዩ «ሂድ፣ በሬህን አዋልደህ ና!» ብለው በሩን ይዘጉበታል። ልጇን የምታለብሰው ያጣች እናት ስትገጥማቸው ደግሞ ከቤታቸው ጋቢ አምጥተው «ይሄ ከእኔ የተረፈ ነው» ይላሉ። ከእሳቸው የሚተርፍ ነገር እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ።

ከወር አበባዋ ማግስት ብቻ ተጠንቅቃ ሌላውን ጊዜ በነፃነት የምታሳልፍ ሴት ብዙ ናት፤ እርጉዝ ሆና ስትመጣም ትገረማለች። ሲስተር ይታይሽ ለእያንዳንዷ እንደ አዲስ ያስረዱ ነበር። «ልጄ፣ የሚያስረግዘው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ነው። መሃሉም ባለበት አይረጋም፤ ሕመም ያዛውረዋል፣ ሐዘን ያዛውረዋል። ፋሲካን መሪጌታው ያሰሉልሻል፤ የአንቺን ወር ግን ማንም እርግጡን አያሰላልሽም።»

ከሁሉም በላይ የምትታወሰኝ ግን ማንጠግቦሽ ናት። ከሽንዲ ገጠር የመጣች ሴት ናት፤ ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሲስተር ይታይሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «ሌላ እርግዝና ከመጣ ልትሞቺ ትችያለሽ» አሏት፣ ሳይሸፋፍኑ። የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ሞከረችው፤ ደሙ ያለ ጊዜው እየተመላለሰ አስቸገራት። «ቤተ ክርስቲያን መግባት አቃተኝ እኮ እትየ፣ ሁልጊዜ ከደጅ ቆሜ» ብላ ተወችው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ፈራችው። በመጨረሻ በየማለዳው የምትውጠው ኪኒን ተሰጣትና ደስ ብሏት ሄደች።

በሰኔ ጭቃ ተመልሳ መጣች። «እትየ፣ አበባዬ ቀረ» አለች።

«ኪኒኑንስ?»

«ሁዳዴ ሲገባ ተውሁት። በማለዳ ውጬ ጾሜን ልግደፍ እንዴ? ደግሞስ በጾም አልጋ ለይተን አይደል የምንተኛ፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። የፋሲካ ለት ጀመርሁት እኮ!»

እንዲያውም ኮራ ብላ ነበር የተናገረችው። ኪኒኑ ሳይቋረጥ ካልተዋጠ እንደማይጠብቃት፣ ካቋረጠችው በኋላ በፋሲካ ዕለት ብትጀምረውም ወዲያው እንደማያድናት ማንም አልነገራትም። ወደ ቤት ስንሄድ ሲስተር ይታይሽ መንገድ ላይ ቆም ብለው «ወሯን ጠየቅኋት፣ ሕመሟን ጠየቅኋት፣ ጾሟን ግን አልጠየቅኋትም። እኔ ራሴ ጿሚ ሆኜ!» አሉኝ።

መውለጃዋ ሲቃረብ ሆስፒታል እንዲቀርባት ብለው ፍኖተ ሰላም እህታቸው ቤት አስቀመጧት። በጥር ወለደች፤ የተፈራው ደምም መጣ። ሐኪሞቹ ተረባርበው፣ የሚሰጣት ደም ተገኝቶ፣ እንደ ምንም ተረፈች። ሲስተር ይታይሽ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላሉም። መትረፏ ሲነገራቸው «ደክሞኛል» ብለው እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ማንጠግቦሽ ስታገግም ወደ ንስሐ አባቷ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ።

«አባ፣ ሃይማኖት ላፈርስ አልመጣሁም» አሏቸው። «ይቺ ልጅ ሌላ ካረገዘች ግን እኔ እገንዛታለሁ፣ እርስዎ ፍትሐት ያደርሱላታል። ኪኒኑን ማታ፣ ከጾም በኋላ ብትውጠውስ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ። «እኔ አትውለዱ ብዬ አላስተምርም» አሉ።

«አያስተምሩ፣ አባ።»

«ሲመሽ ከማዕዷ የምትቀምሰውን ግን ቆሜ አልቆጥርም።»

መስቀል ተሳልመን ወጣን። «ሰማሽ? ይበቃናል» አሉኝ፤ ያን ቀን ሲስቁ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ኪኒን የምትወስድ ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠይቋት ስለ ጾሟ ነበር። «ትጾሚያለሽ? ኪኒኑንስ መቼ ነው የምትውጪው?» አንዳንዷ ንስሐ የምትገባ እየመሰላት ትደነግጥ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ገበያ ወጥተው በበርበሬ ሻጮቹ መካከል እየተዘዋወሩ፣ ጎንበስ ብለው በየጆሮው «እንዳታቋርጭው፣ ወደ ማታ አድርጊው» ይላሉ። ያም ሆኖ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ማዋለጃ ክፍላችን ይሞላል፤ ሳያስቡት በፋሲካ ያረገዙት ናቸው። ተስፋ ቆርጬ ሳማርር «በየተራ ነው፣ አንድ በአንድ። ሌላ መንገድ ብታገኚ ንገሪኝ» ይሉኛል። እኔም እስካሁን አላገኘሁም።

ማንጠግቦሽ ለቀብሩ ከሽንዲ መጥታ ነበር። ስታለቅስ ዋለች። ሲመሽ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ንፍሮ ቀረበልንና ጾማችንን ፈታን። እሷ ከንፍሮው ከቀመሰች በኋላ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ አንዲት ኪኒን አወጣችና በዚያ ሁሉ ሰው መካከል በውኃ ዋጠቻት። አጠገቧ የተቀመጠች ወጣት ሙሽራ ዓይኗን ጣል አድርጋ «ምንድን ነው እሱ?» አለቻት።

«ማታ ማታ ነው የሚዋጥ። ጠጋ በይ፣ ልንገርሽ» አለች ማንጠግቦሽ።

እኔ እስከዚያ ድረስ አላለቀስሁም ነበር።

ሲስተር ይታይሽ፣ ናፍቀውኛል፤ ደክሞኛልም። ፋሲካ እየደረሰ ነው፤ ገበያ የምወጣው እንግዲህ እኔ ነኝ። በርበሬው እንደሚያስነጥሰኝ ያውቃሉ፤ እያስነጠስሁም ቢሆን እነግራቸዋለሁ። እርስዎ «ደክሞኛል» ብለው ሳይነሡ የቀሩት ይህን ጊዜ ብቻ ነው። አይነሡ፤ ይረፉ። ደጅ ላይ ሰው መጥቷል፤ እኔ እከፍታለሁ።