አሥራ አንድ ዶሮ

ኦክቡንና እኔ ናጁ ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደዚህ መንደር ተድረን የመጣነው በአንድ ዓመት ነው። እኛ ቤት ሩዝ ስንዘራ እነሱ ዶሮ ያዙ። ኦክቡን ከሠላሳ ዓመት በላይ በቆርቆሮ ቤት ሁለት ሺህ ዶሮ አረባች። ብርድ ሲመጣ ግድግዳውን በፕላስቲክ ትሸፍናለች፤ ሙቀት ሲመጣ በውሃቸው በረዶ ትጨምራለች፤ ቀትር ላይ መኖውን ከፊታቸው ታነሳለች፣ የበላ ዶሮ ይበልጥ ይግላል እያለች።

ባሏ ሳንግዴክ "ለእኔ እንዲህ አስበሽልኝ አታውቂም" ሲላት፣ "አንተ እንቁላል ትጥላለህ?" ትለዋለች።

ባለፈው ነሐሴ ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ደረሰ። የመንደሩ ሹም በድምጽ ማጉያ "አረጋውያን ከቤት እንዳትወጡ" እያለ በየቀኑ ይለፍፋል። በአምስተኛው ቀን፣ ልክ ቀትር ላይ፣ መብራት ጠፋ። ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ጀመር።

"ጣራው ላይ ውጣና ውሃ አርከፍክፍበት" አለችው።

"በዚህ ፀሐይ? ሰባ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ።"

"ዶሮ አያልበውም፣ ዝም ብሎ ይሞታል። አንተ እንኳ ያልብሃል።"

"እሺ፣ ላቤንም ላጠጣልሽ" ብሎ እየሳቀ የውሃውን ጎማ ይዞ በመሰላሉ ወጣ።

እኔም ልረዳት ሄድኩ። በካርቶን እናራግባለን፣ የደከሙትን እያነሳን እግራቸውን ውሃ ውስጥ እንነክራለን። ከላይ ውሃው በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማናል። አንድ ሰዓት እንዳለፈ "ይውረድ ልበለው?" አልኳት።

"ትንሽ ይቆይ። ውሃው ከቆመ ጣራው ወዲያው ይግላል።"

ውሃው ስላልተቋረጠ ደህና ነው ብለን ሥራችንን ቀጠልን። ለካ ጎማው ከእጁ ወድቆ ነው የሚፈሰው። ልንጠራው ስንወጣ ጣራው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቆዳው እንደ እሳት ይፋጃል፤ አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። አምቡላንሱ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ከወረዳው አንድ ጸሐፊ ጉዳት ሊመዘግብ መጣ።

"ስንት ሞተብዎት፣ እማማ?"

"አሥራ አንድ ዶሮ።"

"ከሁለት ሺህ? ወዲያ ማዶ እኮ ግማሹ አልቋል። ጎበዝ ነዎት።"

ልናገር ስል ክንዴን ያዘችኝ። "ውሃ ልስጥህ፣ ልጄ?" አለችው። ጠጥቶ ሄደ።

ልጇ ከሴኡል መጥቶ ሲጨቀጭቃት በመጸው ዶሮዎቹን ሁሉ ሸጠች። የብርዱን ወራት በር ዘግታ ከረመች። ጸደይ ሲገባ ግን አንድ መኪና ጫጩት አራገፈላት።

"ዐይንሽ እንዴት ያያቸዋል?" አልኳት።

"እነሱ ምን አደረጉ?" አለች፣ ከካርቶኑ እያወጣቻቸው። ቆይታ ደግሞ፣ ቀና ሳትል፣ "ይውረድ ብለሽኝ ነበር" አለችኝ።

"ብዬሽ ነበር" አልኳት።

ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጠራችኝም፤ እኔም ሄጄ አላውቅም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ አየሩ እናወራለን።