ቦታ የቀየረ ፋይል

የሰፈሩ ሰው «መቀስ» ይለዋል፤ የሰውን ሰርግና ልደት ሲቆርጥ ሲቀጥል ያረጀ የቪዲዮ ኤዲተር ነው። ቤታችሁ የጀመራችሁት ቪዲዮ እምቢ ሲላችሁ ወደ እሱ ትሄዳላችሁ። እሱ ግን ከኮምፒውተሩ በፊት በቁጣ የሚጠግነው የኮምፒውተሩን ባለቤት ነው።

እኔም የልጄን ልደት ቪዲዮ በላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል።

«ፎልደሩን አንቀሳቅሰሻል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ተዝረክርኮ ትንሽ ላስተካክለው ብዬ እኮ ነው።»

«እጅሽ አያርፍም? ቪዲዮው ፕሮግራሙ ውስጥ የገባ መስሎሻል። ፕሮግራሙ የያዘው አድራሻውን ብቻ ነው! አንቺ ቤት ቀይረሽበት፣ እሱ የድሮውን በር ሲያንኳኳ ይኖራል።»

እያጉረመረመ ለፕሮግራሙ የፋይሉን አዲስ ቦታ አሳየው። ቀዩ ጠፋና ልጄ ስክሪኑ ላይ ተመልሳ ሻማዋን እፍ አለች።

ደስ ብሎኝ ቀና ስል ከጣሪያው ጠብ ያለ ውሃ አንገቴ ላይ አረፈ። ያኔ ነው ክፍሉን ያየሁት። ኪቦርዱ ላስቲክ ለብሷል፤ ወለሉ ላይ ባልዲ አለ፤ ጥግ ላይ ማንም የማይተኛበት አልጋ በወጉ ተነጥፏል።

«ጋሼ፣ እኛ ግቢ ደረቅ ክፍል ይከራያል። ለምን እዚህ ይበሰብሳሉ?»

መልሶ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ባልዲውን በእግሩ ወደ ጠብታው ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ልጄ እንደወጣ ቀረ» አለኝ። «ቢመጣ የሚያውቀው ይሄን በር ነው።»