እየተነሳች የምትጠፋው የእትዬ ውብነሽ መኪና

ባለፈው ሳምንት ከምሠራበት ሕንፃ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሞተር አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጥቂት አጉረመረመ፣ ድምፁ እየሰለለ ሄደና ጠፋ። እንደገና አስነሳው፤ እንደገና ተነስቶ ጠፋ። የራሴን መኪና ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁና በሩን እንዲከፍተው ነገርኩት። ሰውዬው ግራ ገባው። ያ ድምፅ እትዬ ውብነሽን ከነቫናቸው ይዞብኝ መጥቶ ነበር።

ከአገር ከወጣን በኋላ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ስንኖር ፊት ለፊታችን ያለው በር የእትዬ ውብነሽ ነበር። ሪጀንት ፓርክ ሰፈር የነበረው አሮጌው ሕንፃችን ሊፈርስ ሲል ወደዚያ ስንዛወር፣ እናቴ ትምህርት ቤት እንድንቀይር አልፈለገችም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ናሆም ገና አንደኛ ክፍል። እናቴ ጎህ ሳይቀድ የሚጀምር የፋብሪካ ሥራ ነበራት። እትዬ ውብነሽ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤታችን አካባቢ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ ስለሚንከባከቡ፣ "መንገዴ አይደል እንዴ? ምን ችግር አለው?" ብለው በየጠዋቱ ሊያደርሱን ጀመሩ።

አጭር ነበሩ። መንገዱ እንዲታያቸው ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበው ይቀመጡ ነበር። ቫኗ ሰማያዊ ነበረች፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር እየበላት ዝገቱ በሮቿ ድረስ ወጥቷል። መስኮቶቿ በእጅ የሚዞሩ፣ ቴፗ ካሴት የሚጎርስ፣ ከመስታወቷ ላይ ደግሞ የጥድ ሽታ ያለው አረንጓዴ ካርቶን የተንጠለጠለ። የኋላው ወንበር ላይ ሁልጊዜ ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር። እኛን በእሱ ይጠቀልሉና ማሞቂያውን እስከመጨረሻው ከፍተው፣ የመዝሙሩን ካሴት አብረው እያንጎራጎሩ ቁልቁል ከሰፈሩ ሥር ባለው ሸለቆ ወደሚያልፈው ሃይዌይ ይነዳሉ። ያ ሙቀት የተወደደ ነበር። ከእናቴ እቅፍ ቀጥሎ የማውቀው ሙቀት እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት የበረዶው ወራት መጀመሪያ ላይ ቫኗ መጥፋት ጀመረች። ቁልፍ ሲዞርላት ወዲያው ትነሳለች፤ ትንሽ ትሄዳለች፤ መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጥና ጸጥ። እትዬ ውብነሽ መሪውን በመዳፋቸው መታ ያደርጉና "ምን ሆነሽ ነው አንቺ?" ይሏታል። ወርደው ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ በራቸውን ብርግድ አድርገው ትተውት ስለሚሄዱ ብርዱ ይገባና እኛም ተከትለናቸው እንወርዳለን። ጥቂት ቆይተው ሲያስነሷት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። ናሆም ይህን ጠላው። "ሁልጊዜ ብርድ ላይ የምንቆመው በእሷ ነው" እያለ ጎማዋን በእግሩ ይመታ ነበር።

ምክር ያልሰጠ ሰው አልነበረም። ከሕንፃችን በታች የሚቆሙት ባለታክሲዎች ባትሪ ነው አሏቸው። እሳቸው ባትሪ ቢሆን ከመጀመሪያውም አትነሳም ነበር ብለው ተከራከሩ፤ ሆኖም ቀየሩት። ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው መንገድ፣ ከጸጉር ቤቶች ጀርባ፣ ደረጀ የሚባል የአገራችን ልጅ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። እሱ ካንዴላዎቹን ቀየረ። እንደገና ስትጠፋ የቤንዚን ፖምፓውን ቀየረ። ሁለት ቀን ያህል ደህና ሄደችና ያው ሆነች። "እትዬ፣ ሁሉንም ቼክ አድርጌዋለሁ" አላቸው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ቤንዚን ይደርሳታል፣ እሳት አላት። ከዚህ ወዲያ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም።"

እኔና ናሆምም በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ጀመረን። ትምህርት ቤት ስንደርስ ራሳችንን ያመናል። ናሆም ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸዋል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ይለቀውና እንደ ሌሎቹ ልጆች ይሮጣል። ቅዳሜና እሁድ ፈጽሞ ደህና ነው። አስተማሪዋ ትምህርት ስላስጠላው ነው ብላ ገመተች፤ እናቴ ቁርስ ስለማይበላ ነው አለች፤ ሐኪሙ ደግሞ ጉንፋን ነው አለ። እትዬ ውብነሽም ከሥራ ሲመለሱ ግንባራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው ያስሩ ጀመር። የያዙትን ቁልፍ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው የናሆምን ስም አጡት። ልጁን ትኩር ብለው እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ስሙ ግን አይመጣም። "ድካም ነው" ብለው ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። እኔ ግን ፊታቸውን ከሥር ወደ ላይ ሳየው መፍራታቸውን አይቻለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ አሁንም ያወርድ ነበር። ሃይዌዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተያይዞ ቆሟል። ቫኗ ጠፋች። አስነሷት። ጠፋች። ከኋላ ያሉት ጥሩንባቸውን ነፉብን። እትዬ ውብነሽ "ዛሬስ እዚህ መሀል አታቆሚኝም" አሉና ነዳጁን ረግጠው ያዙ። ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ሳትጠፋ ቆየች። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። መስኮቶቹ በበረዶ ተሸፍነው ውስጡ እንደ ምሽት ደብዝዟል። ከጥዱ ሽታ ሥር ሌላ፣ ጣፈጥ ያለ የተቃጠለ ሽታ ነበር። ናሆም ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። ካሴቱ ይዘምራል፤ እሳቸው ግን ማንጎራጎራቸውን ትተዋል።

"ናሆም ተኛ?" አሉኝ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ነው የመጣው።

አዎ ማለት ፈለግሁ፤ ምላሴ ከበደኝ።

"ሊያ፣ ቀስቅሺው እስኪ።"

ነቀነቅሁት። ራሱ እንደ ጨርቅ ወደ ሌላው ጎን ወደቀ። እትዬ ውብነሽ ዞረው አዩት። ጉንጩ ፀሐይ የመታው ይመስል ቀልቷል። እሳቸው ልጅ ሳሉ በሰፈራቸው አንድ ቤተሰብ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ ጠዋት ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። ያን ነገር ለእናቴ ሲያወሩ ከዚያ በኋላ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት ጩኸታቸውን ብቻ ነው።

"ከሰል! ከሰል ነው! ውጪ፣ ሊያ፣ ውጪ!"

ሞተሩን አጠፉ። የጎኑን በር በሁለት እጃቸው ጎትተው ከፈቱት። እኔን በኮቴ ኮሌታ አወጡኝ፤ በረዶው ላይ ወደቅሁ። ናሆምን አቅፈው ከመኪናዋ ራቅ ብለው ተንበረከኩ። ፊቱን በበረዶ እያሹ፣ ጉንጩን እየመቱ ስሙን ጠሩት። ያን ስም አልረሱትም። ከቆሙት መኪኖች ሰዎች እየወረዱ መጡ፤ አንዷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጮኻለች። አምቡላንሱ በመንገዱ ዳር እየተሹለከለከ እስኪደርስ እትዬ ውብነሽ መጥራታቸውን አላቆሙም።

ናሆም ሆስፒታል ውስጥ፣ አፍንጫና አፉ ላይ ጭምብል እንደተደረገለት ዓይኑን ገለጠ። እናቴ በፋብሪካ ልብሷ ገብታ አልጋው ላይ ተደፋች። ቀና ስትል እትዬ ውብነሽን አየቻቸው። እሳቸውም ኦክስጅን እየተሰጣቸው ነበር። ሊናገሩ ጭምብሉን ሲያነሱ እናቴ ፊቷን አዞረች።

ቫኗን ደረጀ አንስቶ ከሥር አያት። በማግስቱ ቤታችን መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ውስጡ ተደፍኗል" አለ። "ሞተሩ ጭሱን የሚያስወጣበት ሲያጣ ታፍኖ ነው የሚጠፋው። ቱቦው ደግሞ ከፊት ተሰንጥቋል፤ ልጆቹ የሚቀመጡበት ወለል በዝገት ተበስቷል። ጭሱ በዚያ ነበር የሚገባው። እኔ ከላይ ከላይ ስነካካ ከሥር ሳላያት ቀረሁ።" "በየመንገዱ እየጠፋች ባታስወርዳችሁ ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ናሆም ኩሽና በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ሁለቱ በሮች ተዘጋግተው ቆዩ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ስታገኛቸው አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እትዬ ውብነሽ ቫኗን ለብረት ለቃሚ ሰጡ፤ መሪ ዳግመኛ አልጨበጡም። በዚያች መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ የዋሉት እሳቸው ነበሩና ከእኛ ይልቅ በእሳቸው ላይ ብዙ ቀረ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወሬ መሀል ላይ ቃል ይጠፋቸዋል። ሥራቸውንም ቀነሱ።

እኛን ደግሞ እናቴ ሥራዋ ላይ እያረፈደች ታደርሰን ነበር። አንድ ጠዋት እጃችንን ይዛ ወጣችና፣ ወደ ሊፍቱ በመሄድ ፈንታ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች። እትዬ ውብነሽ በፒጃማና በሻሽ ሆነው ከፈቱ።

"እትዬ፣ ልጆቹን ማን ያድርስልኝ?" አለች እናቴ።

"እኔን? እኔን ታምኚኛለሽ?"

"እርስዎ አይደሉም እንዴ ያወጧቸው?" አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በባስ፣ ከባሱ በመሬት ሥር ባቡሩ በሰብዌይ፣ ከሰብዌዩ በመንገድ ባቡሩ በስትሪትካር ሆነ ጉዟችን። እትዬ ውብነሽ መሀላችን ይቀመጣሉ። ባሱ ሲሞቅ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝ፣ ዓይናችን ከበድ ሲል፣ ድንገት "ናሆም?" ይላሉ። "አቤት" ማለት አለበት። ራሱን መነቅነቅ አይበቃም፤ በእንግሊዝኛ መመለስም አይበቃም። ከዚያ "ሊያ?" አቤት። ሰው ያየናል ብለን እናፍር ነበር። እሳቸው ግድ የላቸውም። ሌሎች ቃላት እየጠፏቸው ሲሄዱ እንኳ ሁለቱን ስሞች በየማቆሚያው ይጠሯቸው ነበር።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ እትዬ ውብነሽ አረፉ። ናሆም አሁን ቫንኩቨር ነው የሚኖረው። አማርኛው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ፣ ስልክ ስንደዋወል እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ግን አንዳንድ ጊዜ ድካም ይዞኝ፣ ወይ ሐሳብ ወስዶኝ ጥቂት ዝም ካልኩ፣ ወሬውን ያቋርጣል።

"ሊያ?" ይላል።

አቤት እስክለው ይጠብቃል። ከዚያ ያቆመበትን ይቀጥላል።