ጋሽ ዘካሪያ እና የኤረር በሩ ሥዕል

ልጃቸው ሲደውልልኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መስሎኝ ነበር። «አባባ ሱብሒ ሰግደው ወደ አኼራ ሄዱ» አለኝ። የማን አባባ ብዬ ጠየቅኩት። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ?

ጋሽ ዘካሪያ። መኪና ግርግር የሚባለው የስፌት መንገድ ልብስ ሰፊ። ትናንት ከሰዓት ጊደር መጋላ ገበያ ጥግ ይዘው ሲስሉ ያዩዋቸው ሰዎች አሉ። እኔ አላየኋቸውም። እሳቸው በሚቀመጡበት በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። ምክንያቱን እጽፋለሁ፤ ሁለቴ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ለማታውቋቸው፦ የስፌት ቤቱን ለልጃቸው ካስረከቡ ወዲህ፣ ከሰዓት ከዐስር ሶላት እስከ ምሽቱ መግሪብ፣ በየቀኑ አንድ ገጽ ይስሉ ነበር። የገበያ ጥግ፣ የታክሲ ወረፋ፣ የሻይ ቤት በረንዳ። ደብተሩን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። የልብስ ቅድ የሚያወጡበትን ቡናማ ወረቀት አጥፈው መሐሉን በስፌት መኪና ይደርዙታል።

ሁለት ዓመት ገደማ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። እኔ ሥዕል አልችልም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ እንጂ። ገና እንደተቀመጥን እስክሪብቶ ሳወጣ «ቁጭ በይ መጀመሪያ። ቦታው ይልመድሽ» ይሉኛል። ሰዉ እስኪረሳቸው ድረስ እርሳስ አያነሡም።

ፊት አይስሉም። ጆንያ፣ ቅርጫት፣ የተቀመጠ ሰው ጀርባ። ፊት የሚሠራው አላህ ነው ይላሉ። ሲቀልዱ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊ ከአንገት በላይ ምን አገባው ይላሉ። ሥዕሉ ሲያልቅ ለተሳለው ሰው ሳያሳዩ አይሄዱም። ሰውየው ካልወደደው ገጹን ቀደው ይሰጡታል።

ያ ቀን።

ኤረር በር፣ ከከተማው የግንብ በሮች በአንዱ አጠገብ፣ ነበርን። መንገድ ዳር የሚሸጡት ሴቶች ከቦታቸው ሊነሡ ነው፣ ለማስነሣትም ምዝገባ ተጀምሯል የሚባልበት ሰሞን ነው። ወሬው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ዘካሪያ መደዳውን በሙሉ ሳሉት፣ ዣንጥላ በዣንጥላ። አንድ የድሮ ደንበኛቸው ከወዲያ ማዶ ሲጠራቸው ደብተሩን ጭኔ ላይ ትተው ተነሡ።

እኔ ደግሞ እንዳልረሳው ብዬ በሥዕሉ ዳር ጻፍኩ። ከበሩ ሦስተኛ፣ አዴ ፋጡማ፣ ቲማቲም። አራተኛ፣ ቀይ ዣንጥላ፣ ማንጎ። እስከ መጨረሻዋ። የራሴ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለማውጣት ሰነፍኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተመልሰው አዩት። እንደ ልማዳቸው ሊያሳዩ ወደ አዴ ፋጡማ ሄዱ።

ወንድሟ አብሯት ነበር። ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ሴቶቹ ተነሥተው ከበቡን። ከኋላችን ግንቡ ነው።

አዴ ፋጡማ ገጹን አገላብጣ አየችው። «እኛን አልሳሉም» አለች። «ቦታችንን ነው የሳሉት።»

ወንድሟ ጣቱን ጽሑፉ ላይ አሳረፈ። «ይኼን የጻፈው ማነው?»

ጋሽ ዘካሪያ ወደ እኔ ዞር አላሉም። «እኔ ነኝ» አሉ።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከዚያ ዝም አልኩ።

ገጹን ቀደው ሰጡት። አራት ቦታ ቀዳደደው። ሽበታቸውን አይቶ እንደማራቸው ነገራቸው፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳይቀመጡም። እሺ አሉ። አብረዋቸው ሻይ የሚጠጡ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጧቸው።

በመንገድ ላይ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩልኝ። ልንለያይ ስንል ግን ቆሙ።

«ሲመቸሽ ሄደሽ ንገሪያቸው» አሉ። «ለእኔ ብለሽ አይደለም። ዛሬ እንቅልፍ የማይወስዳቸው እነሱ ናቸው።»

ሲመቸኝ። አራት ወር አልተመቸኝም። ነገ እያልኩ፣ ከዚያ እሳቸውንም እየሸሸሁ። በሰላምታቸው ውስጥ ጥያቄ ያለበት ይመስለኝ ነበር። ምናልባት አልነበረም።

ዛሬ፣ ከስልኩ በኋላ፣ ሄድኩ። አዴ ፋጡማ ቲማቲም እየደረደረች ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሥዕሉ ሥዕል ብቻ እንደነበር፣ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸው ማንንም መዝግበው እንደማያውቁ። መሞታቸውንም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። እጇ መደርደሩን አላቆመም።

«ዛሬ ነው የምትነግሪን?» አለች።

አጠገቧ ላለችው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ያቺም ለቀጣይዋ። ነገሩ እስከ መደዳው ጫፍ ሲደርስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ቲማቲሙ ላይ ጆንያ ጣል አደረገችና ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስድስት ሆነው ተከተሉኝ። መንገዱን በሙሉ አንዳቸውም አላናገሩኝም።

ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ይህንን የምጽፈው ከግቢያቸው በር ውጭ ሆኜ ነው።

ጋሽ ዘካሪያ፣ ሴቶቹ ገብተው ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠዋል። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። ልጅዎ ወጥቶ፣ አባባ ኤረር በር መሄድ ለምን እንደተዉ ታውቂ እንደሆን ብሎ አሁን ጠየቀኝ። ለእሱም አልነገሩትም ማለት ነው። በእኔ ፈንታ «እኔ ነኝ» ያሉትን ይዘው ሄዱ። በሕይወት ሳሉ ላደርገው የሚገባኝን፣ ሬሳዎ ሊወጣ ሲል አደረግሁት፤ ግማሹን ብቻ። የቀረውን ገብቼ ለልጅዎ ልንገረው። አላህ ይዘንልዎ፣ አባቴ። ደህና ይሁኑ።